የጀጎል ስፌት ወይስ የኪራይ ዲኮር? ለ«ድሮ» ሰርግ ብራችሁ የት ይሂድ

ቀን የቆረጠ ጓደኛ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «የድሮ ዓይነት፣ የእጅ ሥራ የበዛበት ሰርግ አምሮናል። ዲኮር ከድሬ እንከራይ ወይስ ዕቃውን ከሐረር እንግዛ?» ደጋግሜ ከምመልስ ልጻፈው ብዬ ነው። መልሴን አልደብቅም፦ ግዙ።

ወደ ዋጋው እንግባ። ድሬዳዋ የጠየቅኩት ዲኮር ቤት «ቪንቴጅ» ለሚለው ፓኬጅ 65,000 ብር ጠራ። መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባ የሽቦ ፋኖስ፣ የሙሽሮች ሶፋ። በቃ ይኸው ነው። በማግስቱ ሁሉም ተጭኖ ይሄዳል። ፋኖስ ከተሰበረ ከማስያዣችሁ ይቆረጣል፤ ተሰብሮ የመጣ ቢሆንም ከፋዩ ያው እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ኪራይ ከመረጣችሁ ዕቃው ሲራገፍ በስልካችሁ ቅረጹት።

አሁን በዚያው ብር ጀጎል፣ በግንብ የታጠረችው የድሮዋ ሐረር፣ እንግባ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ደህና ስፌት 4,500 ብር ተባልኩ፤ ለጠረጴዛ የሚሆን ትንሽ ሙዳይ 1,200። አሥር ትልልቅ 45,000፣ አሥራ ስድስት ሙዳይ 19,200። ድምሩ 64,200። ከኪራዩ 800 ብር ያንሳል፤ ያውም ሳይከራከሩ። ከሰርጉ በኋላ ደግሞ ቤታችሁ ይሰቀላል። የሐረሪ ቤት ግድግዳ የሚያምረው በምን ሆነና!

አስጎብኚ ይዛችሁ ብቻ አትግቡ። የሱ ኮሚሽን ከእናንተ ኪስ ነው የሚወጣው። ከምትሰፋዋ እናት በቀጥታ ማዘዝ ይሻላል፤ ቀለሙንም እናንተ ትመርጣላችሁ። ግን ጊዜ ስጧት፤ አንድ ትልቅ ስፌት በሳምንት አያልቅም።

ስፌት የሚመስል ሁሉ ግን ስፌት አይደለም። የአክስቴ ልጅ ከገበያ በ700 ብር አንድ «የሐረር» ሙዳይ ገዛች። ከላይ አለላ (ቀለም የተነከረ የስፌት ሳር) ይመስላል። ትኩስ ዳቦ ሲገባበት ቀዩ ቀለም ዳቦው ላይ ቀረ። የክሩ ጫፍ ሲላቀቅ ደግሞ ከውስጥ የዕቃ ማሰሪያ ፕላስቲክ ብቅ አለ፤ ተተርትሮ አለቀ። የሚጠግነውም አልተገኘም። እውነተኛው ጠርዙ ቢበላ ወስፌ የያዘች ሴት በጥቂት ብር ትመልሰዋለች።

ስትገዙ ገልብጡት። ሥራው የሚታወቀው ከታች፣ ከመነሻው ነው፤ እዚያ ላላ ካለ ሌላውም ላላ ነው። በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ከገባ ተዉት። ሶፍት አርጥባችሁ ቀዩን እሹት። ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ለልብስም ምክሬ ያው ነው። የሐረሪ ጥልፍ የታተመበት ጨርቅ ከሩቅ ያምራል፤ ከታጠበ በኋላ ግን አታዩትም። ጨርቁን ራሳችሁ ገዝታችሁ መኪና ግርግር፣ የሐረር ልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ ውሰዱት። የእጅ ዋጋውን አስቀድማችሁ ጨርሱ፣ ገበሩንም ጨምሮ። ከሹዋሊድ፣ ከሐረሪዎች በዓል፣ በፊት ባሉት ሳምንታት ግን አትሞክሩ፤ ሰፊዎቹ ቀና ብለው አያዩአችሁም።

ወንበር፣ ድንኳንና ድምፅ ማጉያ ተከራዩ። እሱ ላይ ክርክር የለኝም።

መኪናውን ረሳሁት። ሊሞ ከድሬ ከማስመጣት የሐረርን ፔጆ 404 ታክሲ ለግማሽ ቀን ተኮናተሩ። ሞዴሉ ከ1960 እስከ 1975 ፈረንሳይ የተመረተ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ድሮ አለ? ብቻ ሙሽራይቱን ከድሬ በሱ ላምጣ እንዳትሉ። የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ውሃው ከፈላ፣ ሚዜዎቹ ጄሪካን ይዘው ይቆማሉ። ከተማ ውስጥ ብቻ ያዙት፤ ዋጋውንም ሙሽራ መሆናችሁን ሳትናገሩ ቁረጡ።