የቆዳ ሶፋ፦ በሳሙና አረፋ ወይስ በቆዳ ማጽጃ?

ጎንደር ላይ የቆዳ ሶፋን የሚጎዱት የበጋው አቧራና የክረምቱ እርጥበት ናቸው። የቱንም ቢመርጡ አስቀድመው አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ያንሱ፤ አለዚያ ቆዳውን ይቧጭረዋል። ከዚያ በማይታይ ቦታ አንድ ጠብታ ውሃ ያኑሩ። ሰርጎ ከገባና ቦታው ከጠቆረ ቆዳው መከላከያ ሽፋን የለውም፤ አረፋውን ይተዉት።

የሳሙና አረፋ፦ ወጪው ትንሽ ነው። በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የእጅ ፈሳሽ ሳሙና መትተው፣ በአረፋው ብቻ፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጥረጉ። በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይድገሙና ያድርቁ። አደጋው ስፌቱ ላይ ነው፤ ውሃ ከገባ ስፖንጁ ይጠጣውና ይሻግታል። የልብስ ሳሙና ግን በፍጹም! ቆዳ ወደ አሲድነት ያደላል፤ የልብስ ሳሙና አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ ቅባቱን አሟጦ ያሰነጥቀዋል።

የቆዳ ማጽጃ፦ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ውሃ ግን አያበዛም። ጨርቁ ላይ እንጂ ሶፋው ላይ አያፍስሱ፤ በኋላ የቆዳ ማለስለሻ በስሱ ይቀቡ። የጫማ ቀለም አይተካውም፤ ልብስ ላይ ይለቃል።

ለሰው ሠራሽ ቆዳና ለዘወትር ቆሻሻ አረፋው ይበቃል። ቅባት ለያዘ የራስና የክንድ ማሳረፊያ፣ እንዲሁም ለክረምት፣ ማጽጃው ይሻላል። ሽፋን ለሌለው ቆዳ ለዚያው ዓይነት የተሠራውን ብቻ ይግዙ። በሁለቱም ማድረቂያው ጥላና ነፋስ ነው፤ የቀትር ፀሐይ ቆዳውን ከመጠን በላይ ያደርቀዋል።