ኤ-ዙም የልምምድ ጥይት ለ308፦ ለቃታ ጣት ደኅና መምህር፣ ጠርዙ ግን ስስ

308 ዊንቸስተር በሚባለው የጠመንጃ ጥይት ልክ የተሠራው ይህ ኤ-ዙም የተባለ ስም ያለው የልምምድ ጥይት ባሩድም ተቀጣጣይም የለውም። አካሉ ወጥ አሉሚኒየም ነው፤ ቂጡ ላይ፣ መቺው መርፌ በሚያርፍበት ቦታ፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነገር ተተክሎበታል። መርፌያቸው ባዶ መተኮስ ለማይወድ አሮጌ ጠመንጃዎች ይህ ይጠቅማል። አዳዲሶቹን ባዶ መተኮስ ብዙ ጊዜ አይጎዳቸውም፤ የጠመንጃውን መመሪያ ማየት ነው። ለእነሱ የልምምድ ጥይቱ ዋና ጥቅም ማቀባበልን ማለማመዱ ነው።

መጀመሪያ እውነተኛ ጥይት በሙሉ ከክፍሉ ይውጣ። ካዝናውን አውጥቶ፣ አቀባብሎ፣ የጥይት ማደሪያው ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ማረጋገጥ ግድ ነው። አፈሙዙ ከጀርባው ሰው ወደሌለበት፣ ጥይት ሊያቆም ወደሚችል ግድግዳ ይዙር። እዚያ ላይ የአዝራር ያህል ጥቁር ነጥብ ይለጠፍ። ስኮፕ (የማነጣጠሪያ መነጽር) ካለው ወደ ዝቅተኛው ማጉያ ይመለስ፤ አለዚያ በአምስት ሜትር ነጥቡ ይደበዝዛል።

ቃታው ቀስ እያለ ይሳባል። መርፌው «ጠቅ» ሲል ማነጣጠሪያው ወዴት እንደሸሸ ማየት ነው ቁም ነገሩ፤ በእውነተኛ ተኩስ ይህን ርግጫው ይሸፍነዋል። የቀኝ እጅ ተኳሽ ወደ ግራ ከሸሸበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ጣቱ ቃታውን ወደ ጎን እየገፋ ነው። ከዚያ ሰደፉ ከትከሻ ሳይነሳ፣ ዓይንም ከነጥቡ ሳይለቅ፣ ዳግም ማቀባበል። አሥራ አምስት ጊዜ በጥንቃቄ ከመቶ ጊዜ በጥድፊያ ይበልጣል፤ ክንድ ሲደክም መጥፎ ልማድ ይገባል። የሚፈናጠረው ጥይት ወለል ላይ እንዳይቀጠቀጥ ብርድ ልብስ ይነጠፍለት።

ጉድለቱ የቂጡ ጠርዝ ላይ ነው። አሉሚኒየም ከናስ ቀለህ ይለሰልሳል፤ የጠመንጃው ብረት ማውጫ ጥፍር እየነከሰው ጠርዙ ይሸራረፋል፣ በኋላም ጥፍሩ ይስተውና ጥይቱ ማደሪያው ውስጥ ይቀራል። የተነሳውን ብረት በቀጭን ሞረድ ማለስለስ ትንሽ ያቆየዋል፤ ጠርዙ ከጎደለ ግን መጣል ነው። ሌላው፣ ከእውነተኛው ስለሚቀል የሞላ ካዝና ክብደት አያስለምድም። የተለመደው እሽግ ሁለት ብቻ ይይዛል፤ ከካዝና ለማጉረስ ሁለት እሽግ ያስፈልጋል።

ተኩስ ሜዳ ላይ ደግሞ ጓደኛ ከእውነተኛ ጥይት ጋር ቀላቅሎ ያጉርስ። ተኳሹ ሳያውቅ የልምምዱ ሲደርሰው አፈሙዙ ወደ ታች ከደፋ፣ ድንጋጤው ተጋለጠ ማለት ነው። ለዚህ ብቻ እንኳ ዋጋውን ያወጣል።

የዚሁ ስም የ22 ካሊበር ዓይነት ግን ለማጉረስና ለማውጣት ብቻ እንጂ ቃታ ለመሳብ አልተሠራም። የ22 መርፌ የሚመታው ጠርዙን ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚለጠጥ ነገር የለም።