የአሰልጣኝ ክፍያ በአንድ ጊዜ ከመክፈላችሁ በፊት ስለ ትከሻችሁ አስቡ

ጂም ገብታችሁ የሦስት ወር የግል አሰልጣኝ ክፍያ በአንዴ ልትከፍሉ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ትንሽ ቆዩ። እኔ ከፍዬ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ቀኝ ትከሻዬ ተጎድቶ አቋረጥኩ። የቀረው ገንዘብ ይመለስልኝ ስል «ውሉ ላይ ተመላሽ የለም ይላል» አሉኝ። እውነትም ይላል፤ ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

ከገንዘቡ በላይ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ቀን አሰልጣኙ ሚዛን ላይ አቆመኝ፣ ፎቶ አነሳኝ። ትከሻህን አሞህ ያውቃል ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ክንዴ ያለችግር ከራሴ በላይ መውጣቱንም አላየም። ወዲያው ባሩን (ክብደት የሚሰካበትን ረጅም ብረት) ከማጅራቴ ኋላ እያወረድኩ ወደ ላይ እንድገፋ አደረገኝ። እንዲህ ሲሠራ ክንድ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ መገጣጠሚያው የመጨረሻ ጫፉ ላይ ሆኖ ክብደት ይሸከማል። የሚችለው ሰው አለ፤ እንደኔ ቀኑን ሙሉ አቀርቅሮ ለሚውል ሰው ግን ባሩን ከፊት አድርጎ መግፋት ይሻላል።

ትከሻ ከመገጣጠሚያዎቻችን ሁሉ በስፋት የሚንቀሳቀስ ነው፤ የክንድ አጥንት ራስ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ ጥልቀት ስለሌለው። አጥንቱን ቦታው ላይ ይዘው የሚያቆዩት በዋናነት ሮቴተር ካፍ የሚባሉት 4 ትንንሽ ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ይዘገያል። በየሳምንቱ ኪሎ የሚያስጨምር ፕሮግራም ይህን አይጠብቅም፣ የእኔም አልጠበቀም። ቤንች ፕሬስ (አግዳሚ ላይ በጀርባ ተኝቶ ባሩን ወደ ላይ መግፋት) ስሠራ ክርኖቼ ከጎኔ 90 ዲግሪ ተከፍተው ነበር፤ ወደ ጎኔ ጠጋ ቢሉ ትከሻው ላይ ያለው ጫና ይቀንስ ነበር። ማንም አላረመኝም።

ሲወጋኝ ለአሰልጣኙ ነገርኩት። «ጡንቻህ እየተሠራ ነው» አለኝ፤ አመንኩት። የስፖርት ድካም ጡንቻው ሥጋ ላይ የሚሰማ፣ በጥቂት ቀናት የሚለቅ ነው። ውስጥ ለውስጥ የሚወጋ፣ ክንድ ወደ ጎን ሲነሳ መሃል ላይ የሚይዝ፣ በዚያ ጎን ስትተኙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ግን ድካም አይደለም። እኔ ሌሊት እየነቃሁ ሁለት ሳምንት ሙሉ ክብደት ማንሳቴን ቀጠልኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ የአንድ ቀን ብቻ ክፈሉና አሰልጣኙን እዩት። ስለ ጉዳት ይጠይቃል? በቀላል ክብደት ያሟሙቃችኋል? የሚያስገፋችሁን ያህል ወደ ራሳችሁ የሚሳብ ልምምድ ይሰጣችኋል? «እዚህ ጋ ያመኛል» ስትሉት ክብደት ካልቀነሰ ወይም እንቅስቃሴውን ካልቀየረ አትፈርሙ። ብጎዳስ ክፍያው ይቆማል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ የቃል ተስፋ እኔም ነበረኝ።

አሁን ፊዚዮቴራፒስት በላስቲክ ክንዴን ወደ ውጭ እያሽከረከርኩ እንድሠራ አዝዞልኛል፤ ቀስ እያለ እየተሻለኝ ነው። ድንገት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ክንዳችሁን ማንሳት ካቃታችሁ ግን ልምምድ አትሞክሩ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ።