ልጆቹ ሮለር ኮስተር፣ አባት ጎልፍ፦ ያስ ደሴት፣ ዱባይ ወይስ ኦርላንዶ?

ባለፈው ሰሞን ፈረንጅ አራዳ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ፣ እንደኔው ቡና የሚነግድ ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። አረንጓዴ ሜዳ፣ ጫፉ ላይ ሰማያዊ ባሕር።

«ልጆቹን ፌራሪ ወርልድ እወስዳችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። እኔ ደግሞ እዚህ መጫወት እፈልጋለሁ። ይሆናል?»

«በየትኛው ወር?»

«ትምህርት ሲዘጋ ነዋ። ሐምሌ።»

ሐምሌ ሲል ቡናዬን አስቀመጥኩ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዋናነት ለእሱ ነው። ግን ጅማ ውስጥ ጎልፍ የለመድን ሰዎች፣ ጥቂት ብንሆንም፣ ጥያቄያችን አንድ ዓይነት ነው። ለሥራ አዲስ አበባ ስንሄድ እንጫወታለን፣ ቤት ስንመለስ ግቢያችን ሣር ላይ ዱላ እናወዛውዛለን። ቤተሰብ ይዘን የምንወጣው ደግሞ በዓመት ቢበዛ አንዴ ነው። ያቺን አንድ ጉዞ ማበላሸት አያስፈልግም።

እኔ አበላሽቻታለሁ። በመጀመሪያው የዱባይ ጉዟችን ሜዳውን የመረጥኩት በስሙ ነበር። በቴሌቪዥን ያየሁት ሜዳ ስለሆነ ልቤ እዚያ ቀረ። ጉዞውን ያዘጋጀልን ሰው «ከልጆቹ ፓርክ ቅርብ ነው» አለኝ፣ አመንኩት። ቅርብ አልነበረም። በጠዋት ወጣሁ። ጨዋታው ከአራት ሰዓት በላይ ፈጀ፣ መንገዱ ተጨመረበት። ሆቴል ስደርስ የስድስት ዓመት ልጄ የፓርኩን አምባር እጁ ላይ እንዳሰረ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ሲነቃ የነገረኝ እስከዛሬ አይረሳኝም፦ «አባዬ፣ ባቡሩ ላይ ብቻህን አትወጣም አሉኝ።» ባቡር የሚለው ሮለር ኮስተሩን ነው። የከለከሉት ቁመቱ አጥሮ ነው። ከአዋቂ ጋር ቢሆን ይፈቀድለት ነበር። እናቱ ግን ከእህቱ ጋር ሌላ ሰልፍ ላይ ነበረች፣ እኔ ደግሞ አሥራ አራተኛው ሆል ላይ።

ከዚያ ወዲህ ሜዳ የምመርጥበት መስፈርት ተቀይሯል። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ከሜዳው እስከ ልጆቹ ፓርክ በር ስንት ደቂቃ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው የምንሄድበት ወር። የሜዳው ዝና ሦስተኛ ነው። ባለ 18 ሆል ጨዋታ፣ ማለትም ኳሷን 18 ጉድጓድ ውስጥ ማስገባት፣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይወስዳል። ቀድሞ መድረስ አለ፣ መታጠብ አለ። በዚህ ላይ ወዲያና ወዲህ አንድ አንድ ሰዓት መንገድ ከተጨመረ ቀኑ አለቀ ማለት ነው።

የወሩ ነገር

የኛ ልጆች ረጅም ዕረፍት ክረምት ላይ ነው። ጅማ በሐምሌ ዝናብና ጭቃ ነው፣ ማታ ጋቢ ያስደርባል። አቡ ዳቢና ዱባይ ግን በዚሁ ወር ቀን ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ይሆናሉ፣ የባሕሩ እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ልብስ ገላ ላይ ይጣበቃል። ከጅማ ለወጣ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ለጎልፍ ደስ የሚለው ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ስለዚህ ከቻላችሁ የመንፈቅ ዓመቱን ዕረፍት ጠብቁ፣ ጥር መጨረሻ አካባቢ ያለችውን። ዕረፍቷ አጭር ናት፣ ግን አየሩ እንደኛ ጥቅምት ነው። ረመዳን መቼ እንደሚውልም አስቀድማችሁ እዩ። የፓርኮችና የምግብ ቤቶች ሰዓት ይቀየራል፣ ለሚጾም ቤተሰብ ደግሞ ቀን በሰልፍ መዋል ከባድ ነው።

ከክረምት ውጪ አይመቸንም የምትሉ ተስፋ አትቁረጡ። መላ አለው፣ ወደ እሱ እመጣለሁ።

ያስ ደሴት

ከሦስቱ አብልጬ የምወደው ይህ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው፦ ሁሉም ነገር አቡ ዳቢ ባለ አንድ ደሴት ላይ ነው። የመዝናኛ ፓርኩ ፌራሪ ወርልድ በ2010 ተከፈተ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። የውኃ ፓርኩ ያስ ዋተርወርልድ በ2013፣ ዋርነር ብራዘርስ ወርልድ በ2018፣ ሲወርልድ በ2023 ተከተሉ። የጎልፍ ሜዳው ያስ ሊንክስም እዚያው ነው። ከሜዳው ፌራሪ ወርልድ ድረስ በመኪና የደቂቃዎች መንገድ ነው። ፓርኮቹንና ሆቴሎቹን እየዞረ የሚያገናኝ ነጻ አውቶቡስም አለ። ባለቤቴ እኔን ሳትጠብቅ ልጆቹን ይዛ ከአንዱ ወደ ሌላው ተዘዋውራለች። ለቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሜዳውን የነደፈው ካይል ፊሊፕስ ነው፣ በስኮትላንድ ኪንግስባርንስ የተባለውን ሜዳ የሠራው ሰው። እዚህም የስኮትላንድን የባሕር ዳር ሜዳ ነው ያመጣው። ዛፍ የለም ማለት ይቻላል። መሬቱ ወጣ ገባ ነው፣ የአሸዋ ጉድጓዶቹ ጥልቅ ናቸው፣ ዳር ዳሩን ባሕርና የማንግሮቭ ቁጥቋጦ ይዞታል። ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ጠዋት በ7 ቁጥር ዱላ የደረስኩበትን ርቀት ከሰዓት በ5 ቁጥር ለማግኘት ታግያለሁ (የዱላው ቁጥር ሲያንስ ኳሱ ይርቃል)። የአቡ ዳቢ ሻምፒዮና ከ2022 ጀምሮ እዚህ ነው የሚካሄደው፣ ስለዚህ የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች የረገጡት ሣር ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ግን ኳስ በብዛት ያዙ። ባሕሩ አይመልስም።

አሁን የክረምቱ መላ። ያስ ሊንክስ ከትልቁ ሜዳ ጎን አጭር ባለ 9 ሆል ሜዳ አለው፣ ሁሉም ፓር 3፣ ማለትም በሦስት ምት እንዲያልቁ የታሰቡ። መብራት አለው፣ ማታ ይጫወቱበታል። ፌራሪ ወርልድና ዋርነር ብራዘርስ ወርልድ ደግሞ ጣሪያ ሥር ናቸው፣ አየር ማቀዝቀዣ አላቸው። በሐምሌ ቀኑን ከልጆቹ ጋር ውስጥ ትውላላችሁ፣ ራት ይበላል፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ዘጠኟን ሆል ጨርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ማታም ቢሆን ይሞቃል፣ ግን ይቻላል። የአሥራ አንድ ዓመቷን ልጄን ይዣት የሄድኩት እዚያ ነው። ስድስተኛው ሆል ላይ ኳሷ ግሪን ላይ፣ ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር ላይ፣ ስታርፍ ዱላዋን ጥላ ሮጠች። ያስ ደሴትን ለምን እንደምወድ የሚጠይቀኝ ካለ፣ አንዱ መልሴ ይህ ነው።

ዱባይ

ዱባይ ሜዳው ብዙ ነው፣ ፓርኩም ብዙ ነው፣ ግን የተበታተነ ነው። የዱባይ ጥንካሬም ድካምም እዚህ ላይ ነው። ለጎልፉ ብቻ ብንሄድ ዱባይን እመርጥ ነበር።

ኤምሬትስ ጎልፍ ክለብ ውስጥ ያለው መጅሊስ የተባለው ሜዳ በ1988 ሲከፈት በመካከለኛው ምሥራቅ የመጀመሪያው የሣር ሻምፒዮና ሜዳ ነበር። ከዚያ በፊት በአካባቢው ጎልፍ የሚጫወቱት አሸዋ ላይ ነበር። የክለቡ ሕንፃ የተሠራው በበዱዊን ድንኳን መልክ ነው፣ ከሣሩ ባሻገር ዱባይ ማሪና የተባለው ሰፈር ፎቆች ተደርድረው ይታያሉ። የዱባይ ዴዘርት ክላሲክ የተባለው ትልቅ የጎልፍ ውድድር ከ1989 ጀምሮ፣ ከሁለት ዓመት በስተቀር፣ ቤቱ እዚህ ነው። ከታላላቅ ጎልፈኞች ታይገር ዉድስ ሁለት ጊዜ፣ ሮሪ ማክልሮይ አራት ጊዜ አሸንፈውበታል። ውድድሩ የሚካሄደው በጃንዋሪ ስለሆነ፣ ገናን ወይም ጥምቀትን ተከትላችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ ቀኑን አጣሩ። በውድድሩ ሳምንት ለእንግዳ አይከፈትም።

በዚያው ክለብ ፋልዶ የሚባለው ሁለተኛ ሜዳ አለ። ሙሉ 18 ሆል በመብራት ነው የሚጫወቱበት። ለክረምት መንገደኛ ከያስ ደሴቷ አጭር ሜዳ የሚሻለው በዚህ ነው፣ ማታ ሙሉ ጨዋታ ለሚፈልግ ሰው ማለቴ ነው። ግን ሙሉ ጨዋታ ማለት እኩለ ሌሊት አካባቢ መመለስ ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ልጆች አይጠብቁም። እዚያው ቶፕጎልፍ አለ። የጥላ ቦታ ላይ ቆሞ ወደ ዒላማ ኳስ መምታት ነው፣ ጎልፍ ነክታ የማታውቀው ባለቤቴ እንኳን ተዝናንታበታለች።

ፓርኮቹስ? ሌጎላንድና ሞሽንጌት በዱባይ ፓርክስ ኤንድ ሪዞርትስ ግቢ ውስጥ ናቸው፣ ከከተማው ወደ አቡ ዳቢ መውጫ። ከኤምሬትስ ጎልፍ ክለብ መንገዱ ክፍት ከሆነ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ ትራፊክ ካለ ግን ሌላ ነገር ነው። ሌጎላንድ ከ2 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የተሠራ ነው። ልጆቻችሁ ከስምንት በታች ከሆኑ ከፌራሪ ወርልድ ይልቅ እዚህ ይደሰታሉ። ትንንሾች ፌራሪ ወርልድ ውስጥ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚበረውን ፎርሙላ ሮሳን ከታች ቆመው ከማየት ሌላ ዕድል የላቸውም። ሌላው ፓርክ አይኤምጂ ወርልድስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ጣሪያ ሥር ነው፣ ለክረምት ጥሩ ነው። እሱን ከመረጣችሁ ስፖርትስ ሲቲ በተባለው ሰፈር ያለው ኤልስ ክለብ ይቀርባችኋል፣ ደቡብ አፍሪካዊው ጎልፈኛ ኧርኒ ኤልስ የነደፈው ሜዳ ነው። ኤምሬትስ ጎልፍ ክለብን ከአይኤምጂ ጋር ማጣመር ግን አልመክርም።

ከዱባይ ወደ ያስ ደሴት በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ብዙ ሰው ሆቴል ዱባይ ይዞ ለአንድ ቀን ያስ ደሴት ይሄዳል። ለፓርክ ብቻ ከሆነ ይሁን። ጎልፍም ፓርክም በዚያው ቀን ካላችሁ ግን ሁለት ሌሊት እዚያው እደሩ።

ኦርላንዶ

ይህ አሜሪካ ወንድም ወይም እህት ላላቸው ነው። ለቪዛው፣ ለረጅሙ በረራና ለወጪው ሲባል ለጎልፍና ለፓርክ ብቻ ተብሎ ከጅማ አይኬድም። ቤተሰብ ለመጠየቅ የሚሄድ ግን ሊያልፈው አይገባም።

ዋልት ዲዝኒ ወርልድ በ1971 ሲከፈት አብረውት ሁለት የጎልፍ ሜዳዎች ተከፍተዋል፣ ፓልምና ማግኖሊያ። ሁለቱም ማጂክ ኪንግደም ለተባለው የዲዝኒ ፓርክ ቅርብ ናቸው። ማግኖሊያ ረጅሙ ነው፣ ስድስተኛው ሆል ላይ በሚኪ ማውስ ጭንቅላት ቅርጽ የተቆፈረ የአሸዋ ጉድጓድ አለው። ዝነኛው አሜሪካዊ ጎልፈኛ ጃክ ኒክላውስ እዚህ የተካሄዱትን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ውድድሮች በተከታታይ አሸንፏል። ለቤተሰብ ግን የኔ ምርጫ ኦክ ትሬይል ነው፦ ባለ 9 ሆል፣ በእግር የሚጫወቱበት፣ ለልጅና ለጀማሪ የሚመች።

የኦርላንዶ ሐምሌ ጅማን ያስታውሳል። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዝናብ። መብረቅ ሲመጣ ጨዋታው ይቆማል። በጠዋት ተጫወቱ።

ኳሱ ለምን ያጥራል?

የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ነገር ይገጥማችኋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ሩቅ ይሄዳል። ሦስቱም ቦታዎች ግን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይሉም። ልዩነቱ ወደ 10 እጅ ይጠጋል። አዲስ አበባ ላይ በ7 ቁጥር 150 ያርድ የሚመታ ሰው እዚያ 135 ገደማ ነው የሚያገኘው። የመጀመሪያ ቀን ኳሶቼ ሁሉ ግሪን ሳይደርሱ ሲወድቁ ክንዴ የደከመ መስሎኝ ነበር። ቁጥሩ በአንድ ወይም በሁለት ዝቅ ያለ ዱላ ያዙ።

ዱላ ከጅማ መሸከም ግን አያስፈልግም፣ ሁሉም ጋ ይከራያል። የራሳችሁን ጫማና ጓንት ያዙ። ጂንስና ኮሌታ የሌለው ቲሸርት አያስገቡም። በአቡ ዳቢና በዱባይ አብዛኛውን ጊዜ ካርቱ፣ ሜዳው ላይ የሚነዳው ትንሽ መኪና፣ ከሜዳው ክፍያ ጋር ነው፣ ሲያስይዙ ጠይቁ። ክረምት ላይ ዋጋው በደንብ ይወርዳል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚጀመረውም ጨዋታ ይረክሳል። ቅዳሜና እሁድ ከ2022 ጀምሮ የእነሱም የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሜዳው ይሞላል፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ይሻላል። አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ነው፣ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ሒሳባችሁን በዶላር ሥሩት፣ ብሩን ሲቃረብ ታዩታላችሁ።

ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ ይኸው ነው። በሐምሌ ካልሆነ አልሄድም ካልክ፣ ያስ ደሴት ሆቴል ያዝ፣ ትልቁን ሜዳ እርሳው፣ ማታ ማታ አጭሩን ተጫወት። እስከ ጥር መታገስ ከቻልክ፣ የያስ ሊንክስን የንጋቱን የመጀመሪያ ሰዓት አስይዝ፣ ምሳ ላይ ከልጆቹ ጋር ትሆናለህ። ሌጎላንድ የሚያስደስታቸው ትንንሽ ልጆች ካሉህና አንድ ቀን ለመጅሊስ ካልሰጠሁ ካልክ፣ ለዚያ ቀን አያትም ትሁን አክስት አንድ ተጨማሪ አዋቂ ይዘህ ዱባይ ሂድ።

አንድ ነገር ጨምሬለታለሁ። ትኬት ከመግዛትህ በፊት የልጆቹን ቁመት በሴንቲ ሜትር ለካ። እያንዳንዱ ባቡር ዝቅተኛ ቁመት አለው፣ ፓርኮቹም ገጻቸው ላይ ያወጡታል። በኛ ቤት የመኝታ ክፍሉ በር መቃን ላይ በእርሳስ የተሰመረ መስመር አለ። ልጄ በየወሩ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፣ እኔ እደፋለሁና አሰምራለሁ። ያኔ ብቻህን አትወጣም ከተባለበት ባቡር ሦስት ሴንቲ ሜትር ቀርቶታል።