ለላይሰንስ ገንዘብ ከየት ይምጣ? የካናዳና የአሜሪካ ድጋፍ፣ ዕቁብ እና የቤተሰብ ጥሪት ሲወዳደሩ

እንዴት ናችሁ የሀገሬ ልጆች። እኔ ምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፣ ሙያዬ ሂሳብ ነው፣ ውጭ ወጥቼ አላውቅም። ግን ወንድሜ ካልጋሪ ሆኖ ነርስነቱን ለማስመለስ ሲታገል፣ ያክስቴ ልጅ ደግሞ በዲቪ ሜሪላንድ ገብቶ ለፋርማሲስት ላይሰንስ ሲሮጥ ሁለቱም እየደወሉ "እስኪ ይህን አስዪልኝ" ስለሚሉኝ የብድር ፎርሙንም የክፍያ ዝርዝሩንም እያነበብኩ ሁለት ዓመት ከረምኩ። አሁን ደግሞ ከቢቸናም ከሞጣም ከፍኖተ ሰላምም ልጃቸው ውጭ ያለ ሰዎች እየመጡ "ስንት እንላክለት?" ይሉኛል፣ ለያንዳንዱ ቁጭ ብዬ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

"ስንት እንላክለት" ከማለታችሁ በፊት ልጁ ያለበት ሀገር ለዚሁ ጉዳይ ብሎ ያስቀመጠው ገንዘብ እንዳለ አስጠይቁት። እኛ አላስጠየቅንም። ወንድሜ ለዲግሪ ግምገማ (እዚህ የተማረው እዛ ካለው ትምህርት ጋር ሲመዘን ማለት ነው) እና ለፈተና ሲለን አባባ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠ፣ አንድ በሬ የቀረው ገበሬ ምን እንደሚሆን ለጎጃም ሰው አልነግርም፣ ያን ክረምት በመቀናጆ የጎረቤትን ተራ እየጠበቀ ነው ያረሰው፣ ጤፉም ዘግይቶ ተዘራ። ወንድሜ ደግሞ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት እየሰራ ስለነበር ከፈረቃ ወጥቶ እንቅልፍ ሳያይ ፈተና ገባ፣ ወደቀ። የበሬው ገንዘብ ፈተናውን ከፈለለት እንጂ የማጥኛ ጊዜ አልገዛለትም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ብድር ሳይ መጀመሪያ ምጠይቀው ወለዱን አይደለም፣ "ለኑሮም ይሰጣል ወይ? ፈረቃ ለመቀነስ ያስችላል ወይ?" ነው።

ካናዳ ያለ ልጅ ካላችሁ

ሦስት ነገር ነው ጎን ለጎን ያስቀመጥኩት።

አንደኛው ዊንድሚል ማይክሮሌንዲንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካልጋሪ የተጀመረ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፣ ድሮ ኢሚግራንት አክሰስ ፈንድ ይባል ነበር። ከካናዳ ውጭ ተምሮ ለመጣ ባለሙያ እስከ 15,000 የካናዳ ዶላር ያበድራል፣ እና እኔን የማረከኝ የክሬዲት ታሪክ አለመጠየቁ ነው፣ ምክንያቱም አዲስ የገባ ሰው ባንክ ሲሄድ "ታሪክ የለህም" ተብሎ ነው ሚመለሰው። ለዲግሪ ግምገማ፣ ለፈተና፣ ለኮርስ፣ ለመጽሐፍ ይሆናል፣ እያጠኑ ለመኖሪያም ይሰጣል። ትምህርቱ ላይ እያሉ ወለዱን ብቻ መክፈል ይቻላል፣ ዋናው ከዚያ በኋላ ነው። ግን ወለድ አለው፣ ነፃ እንዳይመስላችሁ። ፒአር (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ያለው ወይም ጥገኝነቱ የፀደቀለት ሰው መሆን ይጠይቃል፣ ማመልከቻው ገና በሂደት ላይ ያለ ስደተኛ አይቸኩል።

ሁለተኛው የመንግስት የተማሪ ብድር ነው። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ የፌዴራሉ ድርሻ ላይ ወለድ ቀርቷል፣ የማይመለስ ግራንትም አብሮ ሊመጣ ይችላል፣ የፕሮቪንሱ (ማለት የክፍለ ሀገሩ) ድርሻ ላይ ግን እንደየቦታው ወለድ ሊኖር ይችላል። በወለድ ብቻ ካያችሁት ዊንድሚልን ይበልጠዋል። ችግሩ እውቅና ባለው ትምህርት ቤት ተመዝግቦ ለሚማር ሰው ነው ሚሰጠው፣ ወንድሜ ግን ሚፈልገው የፈተና ክፍያና ሦስት ወር ቤት ተቀምጦ ማጥናት ነበር፣ ለዛ ይሄ ብድር በሩን አይከፍትም። ኮሌጅ ገብተህ ረዘም ያለ ብሪጂንግ ኮርስ (ውጭ የተማረን ባለሙያ ከሀገሩ መስፈርት ጋር የሚያገናኝ ማሟያ ትምህርት) ውሰድ የተባለ ሰው ግን መጀመሪያ እዚህ ይሂድ።

ሦስተኛው ቡርሳሪ ነው፣ ማለት ማይመለስ ገንዘብ። ለምሳሌ ኦንታሪዮ ውስጥ በመንግስት ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ የብሪጂንግ ፕሮግራም ለሚማሩ ውጭ የተማሩ ባለሙያዎች እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ቡርሳሪ አለ። ይሄ እንደየፕሮቪንሱ ይለያያል፣ ስለዚህ ቶሮንቶ ያለ ጓደኛ የነገረውን ይዞ ካልጋሪ ላይ መጠበቅ አይሰራም፣ ልጁ ራሱ የራሱን ፕሮቪንስ ይጠይቅ።

እኔ ብሆን ቡርሳሪ ካለ ቡርሳሪ፣ ኮሌጅ ከሆነ የተማሪ ብድር፣ ፈተና ብቻ ከቀረ ዊንድሚል። ወንድሜ በመጨረሻ ከዊንድሚል ተበደረ፣ ፈረቃውን በሳምንት ወደ ሁለት ቀን አወረደ፣ ኤንክሌክስን በሁለተኛው አለፈ። ኤንክሌክስ ማለት ካናዳም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ለነርሶች የተቀበለችው የአሜሪካው ፈተና ነው። አሁን ሁለት ሰው ከዚሁ ከማርቆስ ተመርቀው እዛ ያሉ ነርሶች "በደሞዜ እየቆጠብኩ እከፍላለሁ፣ ብድር አልወድም" ብለውኛል፣ ፈሪሃ ዕዳ መኖሩ ጥሩ ነው፣ ግን ሂሳቡን አብረን ስንሰራው በረዳትነት ደሞዝና በነርስ ደሞዝ መካከል ያለው ልዩነት በጥቂት ወር ውስጥ የብድሩን ወለድ ይበልጠዋል፣ ስለዚህ አንድ ዓመት መዘግየት ራሱ ትልቁ ወጪ ነው።

አሜሪካ ያለ ልጅ ካላችሁ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ሚሳሳተው። ያክስቴ ልጅ ገብቶ ሳምንት ሳይሞላው "ፋፍሳ ሙላ፣ ፔል ግራንት ነፃ ነው፣ 7,395 ዶላር ይሰጡሃል" አሉት። ፋፍሳ የፌዴራል መንግስት የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ፎርም ነው፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው መሙላት መቻሉ እውነት ነው፣ 7,395 የሚለውም የ2024-25 ከፍተኛው መጠን ነበር። ግን መደበኛው ፔል ግራንት ባችለር ዲግሪ ለሌለው ነው፣ ከዚህ ሀገር የተያዘ ዲግሪም እንደ ዲግሪ ይቆጠራል። ዲግሪ የለኝም ብሎ መሙላት ደግሞ የፌዴራል መንግስትን ማታለል ነው፣ ማንም ቢመክራችሁ እንዳትሰሙ። ለባለ ዲግሪው ሚቀርለት የፌዴራል የተማሪ ብድር ነው፣ እሱም በፕሮግራም ተመዝግቦ ለሚማር እንጂ ለፈተና ክፍያ ብቻ አይሰጥም።

ከሱ ጋር ሚወዳደሩት ሁለቱ ናቸው፣ እኔ ሁለቱንም አስቀድማቸዋለሁ። አንዱ በየከተማው ያለው አሜሪካን ጆብ ሴንተር ነው፣ ዊዮአ በሚባለው እ.ኤ.አ. የ2014 የስራ ስልጠና ህግ መሰረት የስራ ፈቃድ ላለው ሰው ለስልጠና ይከፍላል፣ ገንዘቡ በእጅ አይሰጥም፣ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ነው ሚሄደው፣ አይመለስም። ትምህርት ቤቱ ስቴቱ ባፀደቀው ዝርዝር ውስጥ መኖር አለበት፣ ባጀቱም ሊያልቅ ስለሚችል ሰልፉን ሳይጀመር መያዝ ነው። ሌላው አሰሪ ነው። ብዙ ልጆቻችን ሆስፒታል ውስጥ በረዳትነትና በፋርማሲ ቴክኒሻንነት ይሰራሉ፣ ብዙ ሆስፒታል ደግሞ ለሰራተኛው ትምህርት ይከፍላል፣ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ታክስ አይቆረጥበትም፣ ልጆቹ ግን ኤችአር (የሰው ኃይል) ቢሮ ገብተው ጠይቀው አያውቁም። "ከተማርክ በኋላ ይህን ያህል ጊዜ ታገለግላለህ" የሚል ውል ካለው አንብበው ይፈርሙ፣ እንዲያ ሆኖም ከብድር ይሻላል።

አፕዋርድሊ ግሎባል የሚባለውን ድርጅት የሚያነሱም አሉ፣ ጥሩ ነው፣ ነፃ ነው፣ ግን ዋና ስራው ሲቪና ኢንተርቪው ላይ ማሰልጠን፣ መንገድ ማሳየት ነው፣ ጥሬ ገንዘብ ጠብቃችሁ አትሂዱ። አርሊንግተን ያለው፣ ዶ/ር ፀሐዬ ተፈራ እ.ኤ.አ. በ1983 የመሰረቱት ኢሲዲሲ የሚባለው የኢትዮጵያውያን ማህበረሰብ ድርጅትም የብድር ክንፍ አለው፣ የሱ ብድር በዋናነት ለትናንሽ ንግድ ነው፣ ላይሰንሱን ይዞ የራሱን ስራ ልክፈት ለሚል ይሆናል።

አሁን የሚያመኝን ልንገራችሁ። ያክስቴ ልጅ በክሬዲት ካርድ ውድ የፈተና ማጠናከሪያ ኮርስ ገዛ፣ ሻጮቹ "መጀመሪያ ዲግሪህ ብቁ መሆኑን አረጋግጥ" አላሉትም። ለካ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2003 ወዲህ የተመረቀ የውጭ ፋርማሲስት ቢያንስ የአምስት ዓመት ፕሮግራም የተማረ መሆን አለበት፣ እሱ ደግሞ በኛ 1998 ዓ.ም. (በነሱ 2006 ገደማ) በአራት ዓመቱ ፕሮግራም የተመረቀ ነው። ኮርሱ አልተመለሰለትም፣ ዕዳው ግን ወለድ እየወለደ አለ። ዛሬ በፋርማሲ ቴክኒሻንነት እየሰራ ሌላ መንገድ እያየ ነው። ማንኛውም ሙያ ቢሆን መጀመሪያ ብቁነት፣ ከዚያ ግምገማ፣ ከዚያ ብድር፣ ኮርሱ መጨረሻ ነው መገዛት ያለበት።

ዕቁብ ወይስ ካርድ

ካርዱን አስቀድሜ ላውጣው፣ 5,000 ዶላር በ24 በመቶ ወለድ ዓመት ሳይነካ ቢቀመጥ 1,200 ዶላር ገደማ ይጨምራል፣ በቃ ይኸው ነው።

ዕቁብ ግን ከልብ የምወደው ነገር ነው። ሃያ ሰው በወር 500 ዶላር ቢጥል እጣው 10,000 ነው፣ ወለድ የለውም፣ ፎርም የለውም፣ ዳኛውና ጸሐፊው የሚያውቁህ ሰዎች ናቸው፣ ፈተና አለብኝ ብለህ ብትለምን እጣውን ሊያስቀድሙልህም ይችላሉ። ከዊንድሚል ጋር ሳስተያየው ሚከብደኝ አንድ ነገር ነው፣ ዕቁብ አይታገስም፣ እጣው ቢደርስህም ባይደርስህም በየወሩ 500 ትጥላለህ፣ እያጠናህ ፈረቃ በቀነስክበት ወር ጭምር፣ ካልጣልክ ደግሞ ዋስህ ነው ሚከፍለው፣ ዋስህ ደግሞ ያገርህ ልጅ ነው። ለ600 እና ለ1,000 ዶላር ክፍያ ትንሽ ዕቁብ ይበቃል፣ ለስድስት ወር ጥናት ግን አልመክርም።

እንግሊዝ ላሉትም በአጭሩ፣ ስደተኛ ለሆነ ሰው ሬፉኤይድ የሚባል ድርጅት እስከ 10,000 ፓውንድ ያለ ወለድ ያበድራል፣ ለሙያ ማስመለሻም ይሆናል። ካየሁት ሁሉ የተሻለው ውል እሱ ነው፣ ግን ለስደተኞች ብቻ ነው፣ በስራ ቪዛ የሄደን ነርስ አይመለከትም።

ከዚህ የሚሄደው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ከመለቀቁ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከዚያ ወዲህ ከ100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ 57,000 ብር የነበረው አንድ ሺህ ዶላር አሁን ከመቶ ሺህ በላይ ብር ነው፣ እሱም ባንክ በቀላሉ አይልክላችሁም፣ በሰው በሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ እኔ ለሚጠይቁኝ ወላጆች ምላቸው የእናንተ ብር ብር ለሚያስከፍለው ነገር ይሁን ነው። ብር ሚያስከፍለው ደግሞ አለ፣ ትንሽም አይደለም፦ የኮስት ሼሪንግ ዕዳ። ከመንግስት ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ልጅ እሱን ሳይጨርስ ኦሪጅናል ዲግሪውንም ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱንም አያገኝም፣ ትራንስክሪፕት ካልተላከ ደግሞ ካናዳም ሆነ አሜሪካ ግምገማው አይጀመርም፣ የቱም ብድር ቢፈቀድለት ፋይሉ ቁጭ ይላል። ባህር ዳር ወይም ማርቆስ ሬጅስትራር ሄዳችሁ መክፈል፣ ማረጋገጫውን መያዝ፣ በታሸገ ፖስታ ማስላክ ይህ ሁሉ እናንተ የምትችሉት ነው፣ ልጁ እዛ ሆኖ አይችለውም። ለዛ ውክልና ያስፈልጋችኋል፣ ከኤምባሲ አዙሮ ከመላክ ልጁ ሳይሄድ እዚሁ ሰነዶች ማረጋገጫ ብትጨርሱት ይቀላል። ኢንተርኔት ክልሉ ላይ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ውክልና የሌለው ወንድሜ ለአንድ ወረቀት ወራት ጠብቋል፣ ኢሜይል አይሄድም፣ መንገዱም አንዳንዴ ዝግ ነው፣ እኔ በእግሬ ሬጅስትራር ብደርስም "የማን ተወካይ ነሽ?" ተብዬ ተመልሻለሁ።

ዘንድሮ የዲቪ ኢንተርቪው ያለው ልጅ ካላችሁ ከቲኬቱ በፊት ኮስት ሼሪንጉን፣ ከኮስት ሼሪንጉ ጋር ደግሞ ውክልናውን አስጨርሱት።