ባሕር የሚያሳይ ሩፍቶፕ ባር ሲመርጡ፦ ከፎቁ ቁጥር በፊት አቅጣጫው፣ ጠርዙና ነፋሱ

በባሕር ዳር ከተሞች ያሉ ሩፍቶፕ ባሮች፣ ማለትም ሕንጻ ጣሪያ ላይ ያሉ መጠጥ ቤቶች፣ የሚሸጡት እይታ ነው። ቢራው ምድር ቤት ካለው ቢራ አይለይም፤ ዋጋው ላይ የተጨመረው ለጣሪያው ነው። እንግዲያው መመዘን ያለባቸውም በዚሁ ነው፦ ከወንበር ሳይነሡ ምን ይታያል? ለስንት ሰዓት? ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ለዚህ መልስ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ በድሮን ከጣሪያው በላይ የተነሣ ነው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ደግሞ ጠረጴዛ አይዘረጋም። የሚያዋጣው ደንበኞች የጫኗቸውን ፎቶዎች ከቅርብ ጊዜዎቹ ጀምሮ ማየት ነው፤ በተለይ ብርጭቆና የጠረጴዛ ጫፍ አብረው የገቡባቸውን። እነዚያ የተነሡት ከወንበር ላይ ነው።

ከዚያ ካርታ ይክፈቱና ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ ይዩ። ብዙ ሰው የሚሄደው ጀንበር ስትጠልቅ ለማየት ነው፤ ባሕር ሁሉ ግን በምዕራብ አይደለም። ሞምባሳ፣ ቼናይና ባርሴሎና ባሕራቸው በምሥራቅ ወይም በደቡብ ምሥራቅ ነው፤ እዚያ ፀሐይ ከውሃው ትወጣለች እንጂ ውሃው ውስጥ አትገባም። በእነዚህ ከተሞች «የጀንበር መጥለቂያ እይታ» ብሎ የሚያስተዋውቅ ባር ካለ ጀንበሯ የምትገባው ከቤቶች ወይም ከተራራ ጀርባ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም። እንዲያውም ከሰዓት በኋላ ለመቀመጥ ምሥራቅ የሚያይ ጣሪያ ይሻላል፦ ፀሐይዋ ከጀርባ ስለምትሆን የውሃው ሰማያዊነት ይጎላል፣ ዐይንም አይጠብም። ቤይሩትን ወይም የኬፕ ታውኑን ካምፕስ ቤይ የመሰለ ምዕራብ የሚያይ ዳርቻ ላይ ግን ከመጥለቋ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ብርሃኑ ፊት ለፊት ይወጋል። ጥቁር መነጽር ሳይዙ መሄድ ግማሹን ጊዜ ወንበር አዙሮ ማሳለፍ ነው።

ምዕራብ ነው ብሎ መርካትም አይበቃም። ፀሐይ ልክ በምዕራብ የምትገባው በዓመት ሁለቴ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በምድር ወገብ አካባቢ በየጎኑ እስከ 23 ዲግሪ ተኩል፣ 40ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ደግሞ እስከ 31 ዲግሪ። ስለዚህ በሰኔ የተነሣ ፎቶ ላይ ባሕር ውስጥ ስትሰጥም የታየችው ፀሐይ በታኅሣሥ ከጎረቤት ሆቴል ጀርባ ልትደበቅ ትችላለች። ቀን ሲሰጧቸው የፀሐይን መግቢያ መስመር ካርታ ላይ የሚስሉ ነጻ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። መስመሩ የባሩን ጣሪያ አቋርጦ የት እንደሚያርፍ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ከፍታ ደግሞ ብዙ ይጋነናል። አድማስ በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ለማወቅ የዐይንን ከፍታ በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ3.57 ማባዛት ነው። ከ25 ሜትር ላይ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከ100 ሜትር ላይ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከፍታው በአራት ሲበዛ እይታው በሁለት ብቻ ነው የጨመረው፤ ያ የተጨመረው 18 ኪሎ ሜትርም ባዶ ውሃና ጭጋግ ነው። በአንጻሩ ማዕበሉ ሲሰበር አይሰማም፣ ጀልባዎቹ ነጥብ ይሆናሉ፣ አሸዋው ላይ ያለው ሰው ይጠፋል። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ያለው አይሲሲ (ኢንተርናሽናል ኮሜርስ ሴንተር) ሕንጻ 484 ሜትር ነው፤ በፀደይ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ጭጋግ ሲወርድ የላይኞቹ ፎቆች ደመና ውስጥ ይገባሉ፤ እዚያ የከፈለ ሰው የሚያየው ነጭ ብቻ ነው። በእኛ ሚዛን ከስድስተኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከፊቱ ሌላ ሕንጻ የሌለበት፣ ከአርባኛው ፎቅ ይበልጣል።

ከሁሉም የሚዘነጋው የጠርዙ አጥር ነው። ብዙዎች ጣሪያውን ሲያወድሱ የሚያወድሱት ቆመው ያዩትን ነው፤ የሚከፈለው ግን ለተቀመጡበት ነው። አጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 1.10 ሜትር አካባቢ ይሆናል። በተራ የምግብ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዐይኑ ከወለሉ 1.20 ሜትር ያህል ላይ ነው። ዝቅ ባለ የላውንጅ ሶፋ ላይ ግን ወደ 1.10 ይወርዳል፤ ማለትም ልክ ከአጥሩ አናት ጋር ይስተካከላል። አድማስ ደግሞ ሁልጊዜ በዐይን ከፍታ ልክ ነው የሚታየው። ውጤቱ፦ በጣም ውድ የሆነውና «ቪአይፒ» የሚባለው ሶፋ ላይ ባሕርና ሰማይ የሚገናኙበት መስመር ላይ የብረት ቱቦ ተጋድሞ ያመሻል። 75 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የባንኮኒ በርጩማ ዐይንን ወደ 1.50 ሜትር ያነሣል፤ እይታ ለሚፈልግ ሰው ከሶፋው የሚሻለው እሱ ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ያነሰ ነው።

አጥሩ መስታወት ሳይሆን ግንብ ከሆነ ነገሩ ይከፋል። 30 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ ግንብ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ዐይኑ ከግንቡ በ10 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚበልጥ ሰው ከሕንጻው እስከ 600 ሜትር ድረስ ያለውን ሁሉ አያይም። አሸዋው፣ መንገዱ፣ የሚሰበረው ማዕበል፣ ሁሉም ከግንቡ ጀርባ ይቀራል። ስለዚህ ጠረጴዛ ሲያስይዙ «የባሕር እይታ ያለው» ማለት ምንም አይጠቅምም፤ ሁሉም አለው ይባላል። የሚጠየቀው «ጠርዙን የነካ ጠረጴዛ ነው ወይስ ሁለተኛ ረድፍ? አጥሩ መስታወት ነው? ወንበሩ ሶፋ ነው ወይስ ከፍ ያለ?» የሚል ነው።

መስታወቱም የራሱ ጣጣ አለው። የባሕር ነፋስ የሚያመጣው ጨው በሰዓታት ውስጥ ስስ ነጭ ሽፋን ይሠራል። ጠዋት ብቻ የሚጸዳ መስታወት ማምሻውን ብርሃን ከፊት ሲመታው እያንዳንዱ የደረቀ ጠብታ ጎልቶ ይወጣል፤ ባሕሩም ከዚያ ጀርባ ይደበዝዛል። ጣትን በመስታወቱ ላይ አንዴ ማሳለፍ ይበቃል፦ የሚቆረቁርና የሚጣበቅ ከሆነ ከሰዓት በኋላ አልተጸዳም። ጥሩ ባር ከዋናው ሰዓት በፊት በጨው አልባ ውሃ አጥቦ በላስቲክ መጥረጊያ ይገፈዋል። በዚያው የወንበሮቹን ብሎኖችና መገጣጠሚያዎች ማየት አይከፋም። ቡናማ ዝገት ከብሎኑ ሥር ወደ ታች ከፈሰሰ ለባሕር አየር የማይሆን ብረት ተገዝቷል፣ ወይም የሚያጥበው የለም፤ ነጭ ሱሪ ለብሶ እዚያ መቀመጥም አይመከርም።

ነፋሱ ወዴት ይሄዳል? ቀን ላይ የብስ ከባሕር ፈጥኖ ስለሚሞቅ አየሩ ከባሕር ወደ የብስ ይነፍሳል፤ ከሰዓት በኋላ ይበረታል፣ ወደ ምሽት ይረግባል፣ ሌሊት አቅጣጫውን ይለውጣል። የአየር ትንበያው የሚናገረው ከመሬት 10 ሜትር ላይ ስላለው ነፋስ ነው፤ ጣሪያው ላይ ከዚያ ይበልጣል። ትንበያው በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ከተጠጋ ዣንጥላው ይታጠፋል፣ ምናልባትም ጣሪያው ይዘጋል ብሎ ማሰብ ነው። የሕንጻውን ፊት የመታው ነፋስ ወደ ላይ ይወጣና ጠርዙን ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ከዚያ እየተጠቀለለ ወደ ወለሉ ይመለሳል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለው ቦታ ከአጥሩ ሥር ነው፤ መሐሉ ላይ የተቀመጠው ነው ናፕኪን የሚያሳድደው። የጣሪያው ማዕዘኖች በጣም መጥፎዎቹ ናቸው፤ ፎቶ ላይ የሚያምሩትም እነሱ መሆናቸው ያሳዝናል። ነፋስ ለማስቆም እስከ ራስ የሚደርስ መስታወት ያቆሙ ባሮች አሉ፤ በመስታወቶቹ መካከል ክፍተት የተዉት ይሻላሉ፤ ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ከጀርባው ሽክርክሪት ይፈጥራልና።

ነፋስ የሌለበት ሙቅ ቀን ሌላ ችግር አለው። ውሃ እንደ ጭጋግ የሚረጩ ማራገቢያዎች የሚያቀዘቅዙት ውሃው ሲተን ነው፤ ባሕር ዳር አየሩ በእርጥበት ስለሚሞላ አይተንም፤ ሰውን ማርጠብ ብቻ ነው። ተራ ማራገቢያ ይበልጣቸዋል። ወቅትም ይታይ፦ ሊማ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ግራጫ ነው፤ ሳን ፍራንሲስኮ በበጋዋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ጭጋግ ይገባባታል፤ አክራና ሌጎስ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ከሰሃራ በኩል የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ፣ ሐርማታን፣ የሚያመጣው አቧራ አድማሱን ይሸፍነዋል። በእነዚህ ወራት ለእይታ ተብሎ ተጨማሪ መክፈል አያዋጣም።

ማታስ? ክፍት ባሕር ከጨለመ በኋላ ጥቁር ነው፤ ምንም አይታይም። ቀን አንደኛ የነበረው፣ ውሃውን ፊት ለፊት የሚያየው ጣሪያ፣ ከእራት በኋላ ከጓሮ አይሻልም። ለማታ የሚመረጠው ዳርቻውን በጎን የሚያይ ነው፦ የወደቡ መብራት፣ የባሕር ሰላጤው ቅስት፣ የመንገዱ ፋኖሶች ውሃው ላይ ሲያርፉ። የባሩ የራሱ መብራት ደማቅ ከሆነም መስታወቱ ውጭ ማሳየቱ ይቀርና ፊት ማያ መስታወት ይሆናል፤ ተመጋቢዎቹን መልሶ ያሳያል። ጠረጴዛ ላይ ሻማ ወይም ወደ ታች የተደፋ አነስተኛ መብራት የሚጠቀሙት ያስተዋሉ ናቸው።

መጠጡን በተመለከተ፦ ድራፍት ከማዘዝ በፊት በርሜሉ የት እንዳለ ይጠይቁ። ምድር ቤት ከሆነ ቢራው ረጅም ቱቦ ይወጣል፤ ቱቦው በመንገድ ላይ ከሞቀ ግማሹ አረፋ ሆኖ ይደርሳል። ጠርሙስ ይሻላል። ኮክቴል ላይ በረዶውን ይዩ። የተፈጨ ወይም ትንንሽ በረዶ ነፋስና ሙቀት ውስጥ ቶሎ ቀልጦ መጠጡን ያቀጥነዋል፤ አንድ ትልቅ ቁራጭ ለተመሳሳይ ክብደት የሚጋለጠው ገጽ አነስተኛ ስለሆነ ይቆያል። ወጥ ቤቱ ታች ከሆነ ጥብስ ድንች ሊፍት ውስጥ ይልፈሰፈሳል፤ ቀዝቃዛ ነገር ወይም ከነሸክላው የሚመጣ ምግብ ማዘዝ ነው።

ቦታ ሲያስይዙ ጠረጴዛው ለስንት ሰዓት እንደሆነ ይጠይቁ። ገደቡ 90 ደቂቃ ከሆነ ጀንበር ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ቀድሞ መግባት ያዋጣል። ክቧ አድማሱን ከነካች በኋላ በምድር ወገብ አካባቢ በሁለት ደቂቃ ገደማ ትጠፋለች፤ ሰማዩ የሚቀላው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት ከ20 እስከ 30 ደቂቃዎች ነው፤ ለእነሱም ጊዜ ይተዉ። ዝቅተኛ የወጪ ግዴታ ካለ በሰው ነው በጠረጴዛ? ታክስና ሰርቪስ ቻርጅ ውስጡ ተካተዋል ወይስ ከላይ ይደመራሉ? ዝናብ ቢመጣ ቀብዱ ይመለሳል ወይስ ውስጥ አዳራሽ ያስገባሉ? አዳራሹ መስኮት ከሌለው የተከፈለበት እይታ ቀረ ማለት ነው። ሊፍቱ እስከ ጣሪያው ይደርስ እንደሆነም ይጠየቅ፤ የመጨረሻው ፎቅ በደረጃ ብቻ የሚወጣባቸው ብዙ ናቸው፤ ለሽማግሌና ለተሽከርካሪ ወንበር አይሆኑም።

ሁሉም ሰው የሚያዘው ጀንበር ከመጥለቋ በፊት ባለው ሩብ ሰዓት፣ ሂሳብ የሚጠይቀውም ከጠለቀች በኋላ ባለው ሩብ ሰዓት ነው። ሁለተኛውን ዙር ከመጥለቋ ግማሽ ሰዓት በፊት ማዘዝ፣ ሂሳቡንም ገና ሳትጠልቅ አምጡ ማለት ከአስተናጋጅ ጥበቃም ከሊፍት ወረፋም ይገላግላል።