ባሕር ዳር ያላችሁ ባለመኪናዎች፦ «ዘይት ያፈሳል፣ ካምቢዮው ይውረድ» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ

አንድ ጋራዥ እዚሁ ከተማችን ታናሽ ወንድሜ ላይ የሠራው ሥራ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሌላ ሰው እንዳይበላ ብዬ ነው የምጽፈው።

ወንድሜ አባይ ማዶ ነው የሚኖረው። ኮሮላውን ካቆመበት ሲያነሳ መሬቱ ላይ ዘይት አየና ጋራዥ ወሰደው። መካኒኩ ከሥር ገባ፤ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) የሚገናኙበትን ቦታ በጣቱ ዳሰሰና ወጣ። «የኋላ ፓራኦሊዮው (በሞተሩ ጀርባ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ክብ ጎማ) ሄዷል፣ ካምቢዮው መውረድ አለበት» አለ። በቃ። ሞተሩ አልታጠበም፣ ከላይ ያየው ሰው የለም። ካምቢዮው ወረደ፣ ፓራኦሊዮው ተቀየረ፣ «ከወረደ አይቀር» ተብሎ ፍሪሲዮንም ተጨመረበት። መኪናው ቤት በገባ ማግስት ዘይቱ እዚያው ቦታ ላይ ጠበቀው። ተመልሶ ሲጠይቅ «ያ ሌላ ነው፣ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ይሆናል» አሉት። የእጅ ዋጋ መልሱልኝ ቢል ማን ሰምቶት!

ችግሩ የቫልቭ ከቨር ጓርኒሲዮን፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክዳን ማሸጊያ ነበር። ሌላ መካኒክ ሞተሩን አሳጠበ፣ አደረቀ፣ ትንሽ ተነድቶ ሲመለስ ከላይ በባትሪ አየው። ከቫልቭ ከቨሩ የኋላ ጥግ ቀጭን የዘይት መስመር ይወጣል። በሞተሩ ጀርባ ቁልቁል ይወርድና ካምቢዮው ላይ ይጠራቀማል። ጓርኒሲዮኑ ደርቆ ስለነበር ሲያነሳው እጁ ላይ ተሰባበረ። ካምቢዮ ሳይነካ ከላይ ብቻ ተፈትቶ አለቀ።

ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚወጣበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ከከተማ ወጣ ብሎ ጥርጊያ መንገድ የሚሄድ መኪና ላይ አቧራውም ዘይቱ ላይ ይጋገራል። ሳይታጠብ የቆየውን ከአዲሱ መለየት አይቻልም። ሳያጥብ የሚፈርድ መካኒክ እየገመተ ነው፤ የግምቱን ዋጋ የምትከፍሉት ግን እናንተ ናችሁ።

ካምቢዮ ከመውረዱ በፊት መታየት ያለባቸው ቀላል ነገሮች አሉ። የዘይት ቡልቦው (የዘይቱን ግፊት የሚያነበው ዕቃ) ያፈሳል። ፊልትሮ ሲቀየር የድሮው ጎማ ተጣብቆ ከቀረና አዲሱ በላዩ ከታሰረ ያፈሳል። የኮፓው መድፈኛ ብሎን ሮንዴላው (ከብሎኑ ሥር ያለው ቀለበት) ካለቀ ያንጠባጥባል። የሞተሩን መተንፈሻ ቫልቭ ደግሞ ብዙዎች ይረሱታል። እሱ ከተደፈነ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ዘይቱን በጓርኒሲዮኑም በፓራኦሊዮውም በኩል ይገፋዋል። እሱ ሳይታይ አዲስ ዕቃ ቢገባም መልሶ ያፈሳል።

የኋላ ፓራኦሊዮ አይበላሽም እያልኩ አይደለም። ታጥቦ፣ ተነድቶ፣ ከላይ ሁሉም ደረቅ ሆኖ ዘይቱ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ከሥር ብቻ ከወጣ፣ ያኔ ይውረድ። ብቻ በዓይናችሁ ያሳዩአችሁ። ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ በስልካችሁም አንሱት።

ቀለሙንም እዩ። ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሞተር ዘይት ነው። ቀይ ከሆነ ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም ከመሪ ሊሆን ይችላል። በባሕር ዳር ሙቀት ኤሲ ከፍታችሁ ስትቆሙ የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውሃ ግን ችግር አይደለም፤ እሱን አሳይቶ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን ጥላችሁት ሂዱ።

«ሲሊኮን ለቅልቀን እንዝጋልህ» የሚለውንም አትቀበሉ። በብዛት ከተቀባ የተረፈው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ተቆርጦ ኮፓው ውስጥ ያለውን የዘይት ማጥለያ ሊደፍን ይችላል። ያኔ የምታወሩት ስለ ሞተር እንጂ ስለ ጓርኒሲዮን አይሆንም። የቫልቭ ከቨሩን ብሎን «እንዳያፈስ» ብሎ በኃይል የሚያጠብቅም አዲሱን ጓርኒሲዮን ይጨፈልቀዋል፣ ከቨሩንም ሊሰነጥቀው ይችላል።

ከመስማማታችሁ በፊት የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ይጻፍ። ያው ቦታ መልሶ ካፈሰሰ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደሚሠራ ደረሰኙ ላይ ይስፈር። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ተቀበሉ።

ጋራዥ ስታማርጡ ግን የዘይቱን ልክ በየጠዋቱ እያያችሁ ሙሉ። ጎንደር መንገድ ላይም ሆናችሁ ከተማ ውስጥ ቀዩ የዘይት መብራት ከበራ ጥጋችሁን ይዛችሁ ወዲያው ሞተሩን አጥፉ። የተቃጠለ ዘይት ከሸተታችሁ ወይም ከኮፈኑ ጭስ ከወጣም እንዲሁ፤ የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ የሚወርድ ዘይት እሳት ሊያስነሳ ይችላል።